ምዕራፍ 7፦ የተራራው ባላገር እንዴት ስፔናዊ ተባለ?

በኒውዚላንድ ደቡብ ደሴት፣ በካንተርበሪ ተራሮች በግ የሚያረቡ ሰዎች «ስፔናዊ» የሚሉት አንድ ዕፅ አለ። ይህ ዕፅ ከስፔን አልመጣም፤ በስፔን ተራሮችም አይበቅልም። በአውስትራሊያ ካሉት ጥቂት ዘመዶቹ በቀር ወገኖቹ በሙሉ እዚያው ኒውዚላንድ ናቸው። ሰው ደሴቶቹን ከመርገጡ ከብዙ ዘመን በፊት የነበረ ባላገር ነው። ከእሱ ዝቅ ብሎ በወንዝ ዳር ጠጠር ላይ የሚበቅለውን ሌላ እሾሃማ ቁጥቋጦ ደግሞ ሰፋሪዎቹ «የዱር አየርላንዳዊ» አሉት። ጫካ ውስጥ ልብስና ቆዳ ይዞ የማይለቀውን ባለ መንጠቆ ሐረግ «የጫካ ጠበቃ» ብለው ሰየሙት፤ አንዴ ከያዘ ሳያደማ አይለቅም ነበርና። በእኛ አገር ቢሆን ነገረ ፈጅ ይባል ነበር።

በምዕራፍ 2 ላይ ሊኒየስ በ1753 ለዕፅዋት ሁሉ ባለ ሁለት ቃል ስም የሰጠበትን ሥርዓት አይተናል። (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በምዕራፍ 5 ደግሞ ባሕር ዛፍን አንስተን ነበር። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ የመጣው ይህ ዛፍ የመጣበትን መንገድ በስሙ ይዞ ቀርቷል፤ ሕዝቡ እንግዳውን እንግዳ ብሎ ጠርቶታል። የዛሬው ጉዳያችን የዚያ ግልባጭ ነው። እንግዳው ሰው መጥቶ፣ ባለቤቱን ዕፅ እንግዳ ብሎ የጠራበትን ታሪክ እናያለን።

የዘልማድ ስም፣ ማለትም ሳይንቲስት ሳይሆን ተራው ሰው ለዕፅ የሚሰጠው ስም፣ ስለ ዕፁ ብዙ የሚነግረን ይመስለናል። እኔ የምለው፣ የዘልማድ ስም ከሁሉ በላይ የሚነግረን ሰያሚው ዕፁን በየት በኩል እንደነካው ነው። በኒውዚላንድ ተራሮች ላይ ይህ ነገር ከሌላው ቦታ ሁሉ ጎልቶ ይታያል።

መርፌ ቅጠል

«ወርቃማው ስፔናዊ» የሚባለውን ዝርያ ጠጋ ብለን እንየው። ከመሬት በላይ የሚታይ ግንድ የለውም። ቅጠሎቹ ከአንድ ሥር ተነስተው በየአቅጣጫው ይዘረጋሉ። እያንዳንዱ ቅጠል ደረቅና ጠባብ በሆኑ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው፤ የእያንዳንዱ ክፍል ጫፍም በመርፌ ያልቃል። ዳርና ዳሩ ቢጫ ስለሆነ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሩቅ ያበራል። አንድ ቅጠል ለመቁረጥ የፈለገ ሰው እጁን በየት በኩል እንደሚያስገባ ይቸግረዋል፤ ወደ መሃል በገፋ ቁጥር የሚቀበለው የሌላ ቅጠል ጫፍ ነው። አበባው ሲደርስ ከመሃል ወፍራም ዘንግ ይወጣል። «ግዙፉ ስፔናዊ» በሚባለው ዝርያ ይህ ዘንግ ከሰው ቁመት በእጅጉ ይበልጣል። በዘንጉ ላይ ያሉት አበቦች ጥቃቅንና ፈዛዛ ቢጫ ናቸው፤ እያንዳንዱ የአበባ ዘለላ የሚወጣው እሾህ ካለው ትንሽ ቅጠል ብብት ሥር ስለሆነ፣ ዘንጉ ራሱ ከታች እስከ ላይ የታጠቀ ነው። ወንዴና ሴቴ አበቦች በአንድ ዕፅ ላይ አይገኙም፤ አንዱ ዕፅ ወንዴ፣ ሌላው ሴቴ ነው። የወንዴው ዘለላ ላላ ያለ፣ የሴቴው ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ የለመደ ዓይን ከሩቅ ይለያቸዋል።

ይህን ሁሉ ጦር የታጠቀው ዕፅ የካሮት ዘመድ ነው። ወደ ምድር ጠልቆ የሚወርደው ሥሩም፣ ሲቆረጥ የሚሸተው መዓዛም ዝምድናውን ያሳብቃሉ። እኛ ቤት ያሉት ድንብላል፣ እንስላልና ነጭ አዝሙድ ከዚያው ቤተሰብ ናቸው። የበርበሬ ማዘጋጃችን ቅመምና የካንተርበሪው ስፔናዊ በአንድ የዘር ሐረግ ላይ ይገናኛሉ።

ሳይንሳዊ ስሙ አሲፊላ ነው፤ ከግሪክ ቃላት የተቀዳ ሲሆን «መርፌ ቅጠል» እንደማለት ነው። ስሙን ያወጡት ዮሐን ራይንሆልድ ፎርስተርና ልጁ ጌኦርግ የሚባሉ ጀርመናውያን ናቸው። ሁለቱ ከካፒቴን ጄምስ ኩክ ጋር በሁለተኛው የዓለም ዙሪያ ጉዞው ተጉዘው ያገኟቸውን አዳዲስ የዕፅዋት ወገኖች በ1776 በወጣ መጽሐፋቸው አስተዋውቀዋል። በዚያው ጉዞ ኩክ በ1773 አንድ አውራ በግና አንዲት ሴት በግ ኒውዚላንድ ላይ አውርዶ ነበር። የአገሪቱ የመጀመሪያ በጎች እነዚህ ናቸው፤ ነገር ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሞቱ። መርፌ ቅጠል የሚለው ስምና የመጀመሪያዎቹ በጎች በአንድ መርከብ መጥተዋል ማለት ነው። ሁለቱ እንደገና እስኪገናኙ ድረስ ግን ሰማንያ ዓመት ገደማ ያልፋል።

የዱር አየርላንዳዊው ከሌላ ቤተሰብ ነው። ሳይንሳዊ ስሙ ዲስካሪያ ቱማቱ ሲሆን ዘመዶቹ የእኛዎቹ ጌሾና ቁርቁራ ናቸው። ቁርቁራን የሚያውቅ ሰው ይህን ዕፅ ለመገመት አይቸገርም፤ ከቅርንጫፉ ግራና ቀኝ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚወጡ ረጃጅም እሾሆች አሉት። ቅጠሎቹ በጣም ጥቃቅን ስለሆኑ ምግቡን የሚያዘጋጀው በአብዛኛው በአረንጓዴ ቅርንጫፎቹና እሾሆቹ ነው። በሥሩ ላይ ባሉ እባጮች የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ናይትሮጅንን ከአየር እየወሰዱ ወደ ማዳበሪያነት ይለውጡለታል። በዚህም የተነሣ ሌላ ዕፅ በማይደፍረው ድሃ ጠጠር ላይ ይጸድቃል፤ ከሥሩ የሚበቅለውም ሣር ይፋፋል።

በሩ ላይ ያለው ጽሑፍ

የአዲስ አበባን ሰፈሮች የሚያውቅ ሰው በየግቢው በር ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» የሚል ጽሑፍ አይቷል። መንገደኛው ስለዚያ ውሻ የሚያውቀው ይህንኑ ሦስት ቃል ነው። ግቢው ውስጥ ያሉት ልጆች ግን ቡቺ ይሉታል። የትኛው ጆሮው ሲታከክለት ደስ እንደሚለው፣ ዝናብ ሲመጣ የት እንደሚደበቅ፣ የአባታቸውን የመኪና ድምፅ ከስንት ርቀት እንደሚለይ ያውቃሉ። የበሩ ጽሑፍ ውሸት አልተናገረም፤ ውሻው ይነክሳል። የልጆቹም ስም እውነት ነው። ሆኖም ሁለቱን ስሞች ብቻ የሰማ ሰው ስለ አንድ ውሻ እየተወራ መሆኑን ሊያውቅ አይችልም።

ዕፅዋትም እንዲሁ ናቸው። ከበሩ ውጭ የቆመ ሰው የሚሰጠው ስም የግጭት ስም ነው፤ የነካውን ቦታ ብቻ ያውቃል። ውስጥ የኖረ ሰው የሚሰጠው ስም አብሮ ከመኖር የመጣ ነው፤ ዕፁ መቼ ምን እንደሚሰጥ፣ በየት በኩል እንደሚያዝ ያውቃል። የሳይንቲስቱ ስም ደግሞ ሦስተኛ ቦታ ላይ ነው፤ ደረቅ ናሙና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በአጉሊ መነጽር የሚያይ ሰው ስም ነው። እዚህ ላይ ማንኛውንም የዘልማድ ስም ስንሰማ ልንጠይቀው የሚገባ ጥያቄ እናገኛለን፤ ይህን ዕፅ ማን ነካው? በምን የሰውነት ክፍሉ? ምን ሊሠራ ሲሄድ?

ከበግ ኋላ የመጣ ስም

በ1848 የእንግሊዝ መንግሥት ወኪል ከደቡብ ደሴት ባለቤቶች፣ ከአገሩ ነባር ሕዝብ ከማኦሪዎች ወገን ከሆኑት ንጋይ ታሁ፣ እጅግ ሰፊ መሬት በ2,000 ፓውንድ ገዛ። ለንጋይ ታሁ የሚከለል በቂ መሬትና ሌላም ብዙ ቃል ተገብቶ ነበር፤ አልተፈጸመም። በ1850 መጨረሻ የካንተርበሪ ሰፋሪዎች የመጀመሪያዎቹ መርከቦች ደረሱ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሜዳው ተያዘ፤ ዘግይቶ የመጣው ሰው በጎቹን እየነዳ ወደ ተራሮቹ ወጣ።

ከእነዚህ አንዱ ሳሙኤል በትለር ነበር። በኋላ በልብ ወለድ ጸሐፊነቱ የታወቀው ይህ ሰው በ1860 መጥቶ በራንጊታታ ወንዝ የላይኛው ሸለቆ የበግ እርባታ አቋቋመ። ቦታው በሁለት ወንዞች መካከል ስለነበር ሜሶፖታሚያ አለው፤ ዛሬም በዚያው ስም ይጠራል። ሌላዋ ሌዲ ባርከር ናት። በ1860ዎቹ ከባሏ ጋር በካንተርበሪ የበግ እርባታ ላይ የኖረች ሲሆን፣ የዚያን ኑሮ የምትተርክባቸው ደብዳቤዎች በ1870 በመጽሐፍ ወጥተዋል። በዚያ ትውልድ ሰፋሪዎች አፍ ስፔናዊና አየርላንዳዊ የየቀኑ ቃላት ሆኑ። በ1898 ኤድዋርድ ሞሪስ የሚባል የሜልበርን ፕሮፌሰር የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ እንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት ሲያወጣ፣ ሁለቱም ከጫካው ጠበቃ ጋር ገብተውበታል።

እነዚህ ሰዎች ተራራውን የወጡት በእግርና በፈረስ ነው። ዓይናቸው ከፊታቸው ያለውን ሣር የሚመዝነው ስንት በግ ያሰማራል በሚል ነበር። የአሲፊላ ቅጠል ቁመት ከሰው ቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበትና ጭን ይደርሳል፤ የፈረስን እግርና ደረት የሚያገኘውም በዚሁ ከፍታ ነው። በረጃጅም ሣር መካከል ተደብቆ ስለሚበቅል አብዛኛውን ጊዜ የሚታወቀው ከወጋ በኋላ ነው። ቁልቁለት ላይ የተንሸራተተ ሰው የሚይዘው ነገር ፈልጎ እጁን ሲዘረጋ የሚያገኘው እሱን ሊሆን ይችላል። ለእረኛው ይህ ዕፅ ሥር፣ አበባ፣ መዓዛ የለውም፤ ያለው ጫፍ ብቻ ነው። «ጦር ሣር» እና «ሳንጃ ሣር» የሚባሉት ሌሎች ስሞቹም የመጡት ከዚያው ጫፍ ነው።

ዓይኑ ምን ይፈልግ እንደነበር የሚያሳይ ሌላ ማስረጃ አለ። በእነዚያው ተራሮች ጫፍ፣ በድንጋይ ላይ ተጣብቆ የሚያድግ ነጣ ያለ፣ ድብልብልና እሾህ የሌለው ዕፅ አለ። ሳይንሳዊ ስሙ ራውሊያ ነው። ሰፋሪዎቹ ያወጡለት ስም «የአትክልት በግ» ነው። ከሩቅ ሲያዩት የተኛ በግ መስሏቸዋል። የጠፋ በግ ፍለጋ ተራራ ለተራራ የሚንከራተት ሰው ዓይን ያወጣው ስም መሆኑን ለመረዳት ዕፁን ማየት አያስፈልግም፤ ስሙ ብቻ ይበቃል።

ስሙ ከአፍ አልፎ በመሬቱም ላይ ሥራ ሠርቷል። እርባታ ያቋቋሙት ሰዎች ሣሩን እያቃጠሉ ነበር የሚያሰማሩት። እሳቱ ለበጉ ለጋ ሣር ያመጣል፤ በዚያው ጦር ሣሩንና የዱር አየርላንዳዊውን ከመንገድ ያስወግዳል። ስማቸው እንቅፋት ብቻ የሆነ ዕፅዋት ሲቃጠሉ የሚቆጭላቸው አልነበረም። ስም ብቻውን እሳት አይለኩስም፤ ምክንያቱ በግና ገንዘብ ነበር። ቢሆንም «ጠላት» የሚል ስም የተሰጠውን ነገር ማጥፋት ለእጅ ይቀላል ብዬ አምናለሁ።

ለምን ስፔን፣ ለምን አየርላንድ?

መውጋቱ ገባን። ግን ከዓለም ሕዝብ ሁሉ ስፔናዊው ለምን ተመረጠ? እዚህ ላይ ማየት የሚጠቅመው እንግሊዝኛ ተናጋሪው ስሙን በኒውዚላንድ ተራራ ላይ እንዳልፈጠረው ነው። በአሜሪካ የሚበቅለውን ባለ ሹል ቅጠል ዩካ የተባለ ዕፅ «የስፔን ሳንጃ»፣ ሌላውን ዝርያውን «የስፔን ጩቤ» ይሉታል። ልብስ ላይ የሚጣበቁ ሹል ፍሬዎች ያሉትን አረም ደግሞ «የስፔን መርፌ» ይሉታል። ይህ አረም የአደይ አበባ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በአገራችንም ሞልቷል፤ እኛ «የሰይጣን መርፌ» እንለዋለን። አንዱ ሕዝብ በስፔን ያሳበበውን ሌላው በሰይጣን አሳቧል። እንግሊዝና ስፔን ከ16ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በባሕር ላይ ሲዋጉ ኖረዋል፤ በ1588 እንግሊዝን ሊወርር የመጣው ታላቁ የስፔን መርከብ ጦር በእንግሊዞች ትዝታ ውስጥ ለዘመናት ኖሯል። ስፔናዊ ማለት ስለት የታጠቀ ባላንጣ ማለት ሆኖ በቋንቋው ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

አየርላንዳዊው የባሰ ነው። «ዱሩ አየርላንዳዊ» የሚለው አነጋገር ዕፁ ከመታየቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በእንግሊዝኛ የነበረ ሐረግ ነው። ከእንግሊዝ አገዛዝ ውጭ፣ በራሳቸው ሕግና ቋንቋ የሚኖሩትን አየርላንዳውያን ለማንቋሸሽ የዋለ ነበር። ስሙ ካንተርበሪ በደረሰበት ዘመን አየርላንድ ከ1845 እስከ 1852 ካደቀቃት ረሃብ ገና አላገገመችም ነበር። ከረሃቡ ያመለጡት በየባሕሩ ተበትነዋል። በ1861 በኦታጎ ወርቅ ሲገኝ ብዙዎቹ ወደ ደቡብ ደሴት መጡ። እዚያ ሲደርሱ፣ የማይገራ፣ ልብስ የሚቀድ፣ በማንም ድንጋይ ላይ የሚበቅል እሾህ የእነሱን ስም ይዞ ጠበቃቸው። ስሙ ስለ ዕፁ የሚለው «ይቧጭራል» ብቻ ነው፤ ስለ ሰያሚው ንቀት ግን ብዙ ይናገራል።

ነገሩ ይበልጥ ግልጽ የሚሆነው ሌላ እሾህ ከጎኑ ሲቀመጥ ነው። ሰፋሪዎቹ ከአገራቸው ጎርስ የሚባል እሾሃማ ቁጥቋጦ ይዘው መጥተው ነበር። ቢጫ አበባ ያለው፣ ከባቄላና ከአተር ቤተሰብ የሆነ ነው። ለአጥር ተከሉት። ቻርለስ ዳርዊን በ1835 መጨረሻ በሰሜን ደሴት አንድ የሚሲዮናውያን እርሻ ሲጎበኝ ካያቸው ነገሮች አንዱ የጎርስ አጥር ነበር። ጎርስ ከስፔናዊው በማይተናነስ ሁኔታ ይወጋል። ነገር ግን ማንም የጠላት አገር ስም አላወጣለትም፤ አያቶቻቸው በሚጠሩበት ስም ጠሩት፤ የአገር ቤት ትዝታ ነበር። ከዚያ ከአጥሩ ወጣ። ዘሩ መሬት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ሳይበሰብስ መቆየት ስለሚችል፣ ዛሬ ኒውዚላንድ ውስጥ ለማጥፋት እጅግ ካስቸገሩ አረሞች አንዱ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን እሾሆች ጎን ለጎን አድርጋችሁ እዩ። ከባሕር ማዶ የመጣው የቤተኛ ስም አለው። ተራራው ላይ የተፈጠረው የባዕድ ስም ተሰጥቶታል። የበሩ ጽሑፍ ስለ ውሻው እንጂ ስለ ጸሐፊው አይናገርም ያልን እንደሆነ፣ እዚህ ላይ ጸሐፊው ራሱ ፊት ለፊት ይታያል፤ በማያውቀው ግቢ ገብቶ፣ የግቢውን ባለቤት «አንተ ማን ነህ?» ያለ ሰው ነው።

እሾሁ ለማን ተዘጋጀ?

እረኛው እሾሁ ለእሱና ለፈረሱ የተሠራ መስሎ ቢታየው አይፈረድበትም። ግን ኒውዚላንድ ሰው ከመድረሱ በፊት ከሌሊት ወፍ በቀር በምድር ላይ የሚኖር ጡት አጥቢ አልነበራትም። በግ፣ ፍየል፣ አጋዘን፣ ፈረስ የሚባል አልነበረም። ታዲያ በየተራራው ላይ ይህ ሁሉ መርፌ የተሰደረው ከማን ጋር ለመዋጋት ነው?

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሞአ ነው። ሞአዎች መብረር የማይችሉ፣ ክንፍ የሚባል ነገር ጨርሶ ያልነበራቸው ወፎች ነበሩ። ዘጠኝ ያህል ዝርያዎች ተለይተዋል፤ የትልቁ ዝርያ እንስቶች ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝኑ ነበር። በሌላው ዓለም ከብትና ሚዳቋ የሚሠሩትን የግጦሽ ሥራ እዚያ የሚሠሩት እነሱ ነበሩ። የማኦሪ ቅድመ አያቶች በ13ኛው መቶ ዘመን አካባቢ ከፖሊኔዥያ መጥተው ማደን ከጀመሩ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት እንኳ ሳይሞላ አለቁ። በዚህ መላምት መሠረት የአሲፊላ ዘንግ ከታች እስከ ላይ መታጠቁ አበባውን ከሞአ ምንቃር ለመጠበቅ ነው። ጠባቂው አለ፤ ሌባው ሞቷል።

ሁሉም ተመራማሪ በዚህ አይስማማም። የዱር አየርላንዳዊው ዘመዶች በቺሊና በአርጀንቲናም አሉ፤ እነሱም እሾሃም ናቸው፤ ሞአ ግን አያውቁም። ስለዚህ የዚህኛው እሾህ ከሞአ በፊት ከነበረ ዘር የተወረሰ ሊሆን ይችላል። ስለ አሲፊላ ግን የሞአው መልስ ለእኔ ሚዛን ይደፋል፤ ጡት አጥቢ በሌለበት አገር አርባ ያህል ዝርያ ያለው ወገን እንዲህ ያለ ትጥቅ ይዞ መገኘቱ ሌላ ቀላል ማብራሪያ አላገኘም።

መርፌው የማይመለከተው ነዋሪም አለ። መብረር የማይችል አንድ ትልቅ ጢንዚዛ ኑሮው በሙሉ በዚህ ዕፅ ላይ ነው። አዋቂው ቅጠሉን ይበላል፤ ትሉ ሥሩ ውስጥ ያድጋል። ለዚህ ጢንዚዛ «ጦር ሣር» ቤትም ማዕድም ነው። በተቃራኒው ሰፋሪዎቹ ይዘዋቸው የመጡት እንስሳት መርፌውን የሚያልፉበት ዘዴ አግኝተዋል። በጎች ለጋውን የአበባ ዘንግ ሳይደርቅ ይቀጥፉታል፤ ወደ ዱር የገቡ አሳማዎች ደግሞ በታች በኩል ገብተው ሥሩን ይቆፍራሉ።

በማለዳ የሚሰበሰብ ሽቶ

አሁን ወደ ግቢው እንግባ። ንጋይ ታሁና ሌሎች ማኦሪዎች ይህን ዕፅ ታራሜያ ይሉታል። ስሙ ራሱ ሹልነቱን አይደብቅም፤ «ታራ» በቋንቋቸው ሹል ጫፍ ነው። እነሱንም ይወጋል። ነገር ግን ታራሜያ በእነሱ አፍ ላይ ሲጠራ ከእሾሁ በፊት የሚታሰበው መዓዛው ነው።

ከቅጠሉ ሥር መዓዛማ ሙጫ ይወጣል። ሙጫው እንዲፈስ ቅጠሉ ይቆረጣል ወይም በእሳት ወላፈን ይመታል፤ ከዚያ ይተዋል፤ ሙጫው ሌሊቱን ይጠራቀማል። በ19ኛው መቶ ዘመን የጻፈው ሚሲዮናዊና የዕፅዋት ሊቅ ዊልያም ኮለንሶ እንደመዘገበው የሙጫው አሰባሰብ በሥርዓትና በጸሎት የሚፈጸም ነበር፤ የሚሰበስቡትም ወጣት ሴቶች ሲሆኑ የሚወጡት በማለዳ፣ ፀሐይ ሳትወጣ ነው። የተሰበሰበው ሙጫ ከወፍ ስብ በወጣ ዘይት ይዋሐዳል፤ ወይም በትንሽ ከረጢት ሆኖ አንገት ላይ ይንጠለጠልና በገላ ሙቀት መዓዛውን ይሰጣል። ከደቡብ ደሴት ወደ ሰሜን በስጦታና በልውውጥ ከሚሄዱ ውድ ነገሮች አንዱ ነበር። ዕጣን ቅርፊቱ ከተፈለቀቀ ግንድ ላይ ሲያነባ ያየ ኢትዮጵያዊ ይህን ሥራ ለመረዳት አይከብደውም፤ ቅርፊቱን ማድማት፣ መጠበቅ፣ የጠነከረውን እንባ መልቀም።

እዚህ ላይ የሰውነት ክፍሉን አስተውሉ። እረኛው ዕፁን የሚያውቀው በቁርጭምጭሚቱ ነው። ሰብሳቢዋ የምታውቀው በጣቷ ጫፍና በአፍንጫዋ ነው፤ በየት በኩል ቢገባ እንደማይወጋ፣ በየትኛው ሰዓት ሙጫው እንደሚደርስ ታውቃለች። አንድ ቅጠል ነው፤ ሁለት የተለያዩ ቦታዎቹ ተነክተዋል።

የዱር አየርላንዳዊውም እንዲሁ የራሱ ስም ነበረው፤ ቱማታኩሩ። ማኦሪዎች ሌላ መሣሪያ ባልተገኘ ጊዜ በእሾሁ ይነቀሱበት ነበር። ሰፋሪው ቆዳውን ቀደደብኝ ባለበት ጫፍ ሌላው ሰው ማንነቱንና የዘር ሐረጉን ቆዳው ላይ ጽፎበታል።

ስሞቹ ዛሬ

አንዳንዱ ስም በጊዜ ብዛት ራሱን አርሟል። እረኞቹ ቱማታኩሩን ከደቡብ ማኦሪዎች አፍ እየሰሙ፣ ለምላሳቸው እንዲመች እየቆራረጡ «ማታጎሪ» አሉት። ዛሬ ኒውዚላንድ ውስጥ ዕፁ በብዛት የሚታወቀው በዚህ ስም ነው። የዱር አየርላንዳዊ የሚለው በአሮጌ መጻሕፍትና በአንዳንድ አዛውንቶች አፍ ቀርቷል። የገበሬዎቹም አስተያየት ተለውጧል፤ ማታጎሪ በብርድ ወራት ለሚወለዱ ግልገሎች ከነፋስ መጠለያ እንደሚሆን፣ ከሥሩ ያለው ሣር እንደሚለመልም አይተዋል። ስሙ የቀረው ንቀቱ ስላሳፈረ ነው ብዬ ልደመድም አልችልም፤ የአገሬው ቃል ግን አፍ ላይ ቀለለ፤ አሸነፈ።

ስፔናዊው አልለቀቀም። ወርቃማው፣ ግዙፉ፣ አስፈሪው ስፔናዊ እየተባሉ ዝርያዎቹ እስከ ዛሬ በመስክ መጻሕፍት ላይ አሉ። አስፈሪው የተባለው ሳይንሳዊ ስሙ አሲፊላ ሆሪዳ ስለሆነ ነው። ዕፁን በ1956 የሰየመው ሳይንቲስት የተጠቀመበት የላቲን ቃል ግን ከአስፈሪነት ሌላ «የቆመ፣ የተንጨፈረረ» የሚል ፍቺም አለው። «ጦር ሣር» ደግሞ ከሰው አፍ አልፎ በካርታ ላይ ሰፍሯል፤ በኩዊንስታውን አቅራቢያ የጦር ሣር ሜዳ የሚባል አካባቢ አለ።

ታራሜያ የሚለው ስም የተመለሰበት መንገድ ከሁሉም ይለያል። ንጋይ ታሁ ከ1848ቱ ግዢ ጀምሮ ያቀረቡት አቤቱታ ትውልድ ተሻግሮ በ1998 በሕግ እልባት አገኘ። መንግሥት ይቅርታ ጠየቀ፤ 170 ሚሊዮን የኒውዚላንድ ዶላር ካሳ ተወሰነ። ከሕጉ ጋር የተያያዘ አንድ ሠንጠረዥ አለ፤ ንጋይ ታሁ እንደ ቅርስ የሚቆጥሯቸው አእዋፍ፣ ዕፅዋትና እንስሳት የተዘረዘሩበት ነው። መንግሥት እነዚህን ፍጥረታት በሚመለከት ውሳኔ ሲሰጥ የንጋይ ታሁን ቃል እንዲሰማ ያስገድዳል። ሠንጠረዡ ለእያንዳንዱ ፍጥረት ሦስት ስም ይሰጣል። በመጀመሪያው ዓምድ ታራሜያ አለ። በሁለተኛው ጦር ሣርና ስፔናዊ ተቀምጠዋል። በሦስተኛው የፎርስተሮች አሲፊላ አለ። የሰብሳቢዋ፣ የእረኛውና የሳይንቲስቱ ስሞች በአንድ መስመር ላይ በሕግ ፊት የቆሙት ያኔ ነው።